«ቀለም የታተመበት ጨርቅ» አይባልም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ስለ ህንድ ጨርቆች ባወጣችሁት ጽሑፍ መካከል ሰማያዊና ቀይ የሆነ፣ ኮከብ መሰል ጌጥ የሞላበት ጨርቅ ፎቶ አይተናል። ከሥሩ «በእንጨት ማኅተም ቀለም የታተመበት የጉጃራት ጨርቅ» ይላል። ጨርቁ አጅራክ ነው፤ ጉጃራት ማለታችሁም ትክክል ነው። «ቀለም የታተመበት» የሚለው ግን ሥራውን ገልብጦ ያስቀምጠዋል። በአጅራክ ሥራ ማኅተሙ ቀለም አያሳርፍም። የሚያሳርፈው ወይ ቀለም የሚጠራ ነገር ነው፣ ወይ ቀለም የሚከለክል ነገር ነው። ቀለሙ የሚመጣው ኋላ፣ ጨርቁ በሙሉ ገንዳ ውስጥ ሲነከር ነው። ጥቁሩ ብቻ በከፊል ከዚህ ደንብ ይወጣል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ይህ የቃላት ጭቅጭቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ገዥ በዋጋው የሚደነግጠው፣ ሻጭ ማስመሰያውን በእውነተኛው ዋጋ የሚሸጠው፣ ቤት የገባውም ጨርቅ በአንድ እጥበት የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከዚህች አለመግባባት ተነሥቶ ነው። ስለዚህ አሠራሩን ከሥሩ እንጀምር።

ሥራው የሚጀምረው ከእጥበት ነው። ጥሬ የጥጥ ጨርቅ ስታርችና የጥጡን ሰም ይዞ ይመጣል፤ ይህ ካልወጣ ውኃ እንኳ እኩል አይጠጣም። በጉጃራት ውስጥ በምትገኘው ካች ያሉ አጅራክ ሠሪዎች ጨርቁን መጀመሪያ በውኃ ያጥቡታል፤ ቀጥሎ የጉሎ ዘይት፣ ሶዳ አሽና የግመል ፋንድያ በተበጠበጠበት ውኃ ይዘፈዝፉታል። ጨምቀው ጠቅልለው ያሳድሩታል፣ በማግስቱ ፀሐይ ላይ በከፊል ያሰጡታል፣ እንደገና ይዘፈዝፉታል። ይህ ዙር ከ7 እስከ 9 ጊዜ ይደጋገማል። መብቃቱ የሚታወቀው ጨርቁ ሲታሽ አረፋ ሲያወጣ ነው፤ ዘይቱና ሶዳው ተዋሕደው ሳሙና መሰል ነገር ሆነዋል ማለት ነው። ዙሩን አሳጥሮ ማለፍ የሚፈትን ነገር ነው፤ ጥፋቱ ወዲያው አይታይምና። የሚታየው ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቀዩ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ፣ እዚህ ደምቆ እዚያ ገርጥቶ ሲገኝ ነው። ያኔ ማስተካከያ የለውም።

ከዚህ በኋላ ሃርዴ ይመጣል። ሃርዴ በህንድ የሚበቅል የዛፍ ፍሬ ነው፤ ደርቆ ይፈጫል። በተፈጥሮ ቀለም የሚሠሩ ሰዎች ለ1 ኪሎ ደረቅ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 200 ግራም ይጠቀማሉ። የሚፈለገው በውስጡ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሱፍና ሐር አሉምን፣ ማለትም ቀለም የሚጠራውን ጨው፣ በራሳቸው ይይዛሉ፤ ጥጥ ግን አይዝም። ታኒኑ በጥጡና በአሉሙ መካከል እንደ መንጠቆ ሆኖ ይቆማል። ጨርቁ ከሃርዴው ሲወጣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ይሆንና በሁለቱም ገጽ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ ላዩ ላይ የቀረው ዱቄት በደንብ መራገፍ አለበት። ካልተራገፈ በላዩ የሚታተመው ልጥፍ ከጨርቁ ጋር ሳይሆን ከዱቄቱ ጋር ይጣበቃል፤ ዱቄቱ ሲረግፍ ጌጡም አብሮ ይረግፋል።

ማኅተሞቹ ብዙ ጊዜ ከቲክ እንጨት ይቀረጻሉ። በጉጃራት ለዚህ ሥራ ስሙ የታወቀው መንደር ፔታፑር ነው። ለአንድ ጌጥ አንድ ማኅተም አይበቃም፦ ለነጩ መስመር አንድ፣ ለጥቁሩ አንድ፣ ለቀዩና ለሚከለለው ቦታ ደግሞ ሌላ ይቀረጻል። አንዱ በሌላው ላይ ሲያርፍ ጥርሳቸው መግጠም አለበት። በማኅተሙ ገላ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ አየርና የተረፈ ልጥፍ በእነሱ ይወጣል። ቀዳዳ የሌለው ሰፊ ማኅተም አየር አፍኖ መሀሉ ባዶ ሆኖ ይቀራል። አዲስ ማኅተም በዘይት ተነክሮ ለቀናት ካልሰነበተ ደግሞ ከእርጥብ ልጥፍ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በወርድ አንድ ሚሊ ሜትር ያበጠ ማኅተም አሥር ጊዜ ሲደጋገም አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያሳስታል። ጌጦቹ ስም አላቸው፦ ካካር ደመና ነው፣ ባዳም ለውዝ፣ ሪያል ደግሞ ከገንዘቡ ስሙን የወሰደ ክብ ጌጥ ነው። ሠሪዎቹ ኻትሪ የሚባሉ ሙስሊም ባለሙያዎች ስለሆኑ ሰውና እንስሳ አይሥሉም። ጌጡ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑም ለሥራው ይመቻል። ጨርቁ በሁለቱም ገጽ ሲሠራ የፊቱ መስመር ከጀርባው መስመር ጋር መግጠም አለበት፤ ግራ ቀኙ የተካከለ ጌጥ በዚያው ማኅተም ጀርባው ላይ ይታተማል፣ ያልተካከለ ከሆነ ግን እንደ መስታወት የተገለበጠ ሌላ ማኅተም ማስቀረጽ ግድ ይላል።

አሁን ወደ ልጥፎቹ። መጀመሪያ የሚያርፈው ከኖራና ከሙጫ የተሠራው ከልካይ ነው። ነጭ ሆነው የሚቀሩትን ቀጫጭን መስመሮች እሱ ይጠብቃል። ልብ በሉ፤ በአጅራክ ላይ የምታዩት ነጭ የተቀባ አይደለም፣ ቀለም ያልደረሰበት ራሱ ጨርቁ ነው።

ቀጥሎ ጥቁሩ። ቁርጥራጭ ብረትና ጉር የሚባለው ያልተጣራ የሸንኮራ አገዳ ስኳር በውኃ ይጠነሰሳሉ፤ 20 ቀን ገደማ ሲቆይ ብረቱ እየሟሟ ወደ ውኃው ይገባል። ከዚያ የሮቃ ፍሬ ዱቄት ተጨምሮበት ይፈላል፣ እንደ ወፍራም ሙቅም ይሆናል። ሮቃ ያልነው በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ሁመር የሚባለውን ነው። ይህ ልጥፍ ሃርዴ በጠጣው ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ብረቱና ታኒኑ ይገናኙና ይጠቁራል። ሻይ በዛገ ጣሳ ላይ ሲቆይ የሚጠቁረው በዚሁ ምክንያት ነው። ጥቁሩ በከፊል ከደንቡ ይወጣል ያልነው ለዚህ ነው፦ ቀለሙ ገንዳ ሳይጠብቅ እዚያው ይወለዳል። እዚህ ላይ የሚያጠፋው ጥድፊያ ነው። ጥንስሱ ሳይበስል ከተቀዳ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ብረቱ ከመጠን ካለፈ ደግሞ ጨርቁን እያደር ይበላዋል፤ በጥንታዊ ጨርቆች ላይ መጀመሪያ የሚበሳው ጥቁሩ መስመር የሆነው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው አሉም ነው። እሱም በሮቃ ፍሬ ዱቄት ይወፍራል። አሉም ቀለም የለውም፤ አታሚው የት እንዳሳረፈ እንዲያይ ብቻ በኋላ ታጥቦ የሚወጣ ፈዛዛ ቀለም ይጨመርበታል። በዚህ ደረጃ ጨርቁን ያየ ሰው ቀዩ የት እንደሚወጣ መገመት ይቸግረዋል።

አራተኛው ጋች ይባላል። ሙጫ፣ ኖራ፣ አሉምና ዱቄት የሚገቡበት ወፍራም ከልካይ ነው፤ ቀይ የሚሆኑትን ቦታዎች ከሰማያዊው ይሸፍናል። እንደታተመ፣ ገና እርጥብ ሳለ፣ ሰጋቱራ ወይም ደቆ የተነፋ ደረቅ እበት ይነሰነስበታል፤ ያለዚያ ጨርቁ ሲታጠፍ ልጥፉ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ይጋባል። ከዚያ ከ7 እስከ 10 ቀን ይደርቃል። ይህ የዕረፍት ጊዜ እንጂ የመድረቂያ ብቻ አይደለም፤ አሉሙና ብረቱ ከጥጡ ጋር የሚጣበቁት በእነዚህ ቀናት ነው። በዝናብ ወራት ልጥፉ ስለማይደርቅ ሥራው ይዳከማል።

የአጅራክ ጥበብ በሙሉ ያለው ሰማያዊና ቀይ ፈጽሞ በተቃራኒ መንገድ በመሄዳቸው ላይ ነው። ቀይ የሚመጣው አሉም ወደጠራው ቦታ ብቻ ነው፤ አሉም ከሌለ ይታጠብና ይወጣል። ሰማያዊው ኢንዲጎ ግን ጠሪ አይፈልግም፤ ካልተከለከለ የትም ይገባል። ኢንዲጎ በተለመደው መልኩ በውኃ አይሟሟም። በኖራ፣ በጉር ወይም በተምር፣ አንዳንዴም ካስያ ቶራ በሚባል ተክል ፍሬ ተጠንስሶ አየር ሲያጣ ብቻ ይሟሟል፤ ገንዳውም ቢጫማ አረንጓዴ ይሆናል። ጨርቁ ሲወጣ አረንጓዴ ነው፤ አየር ሲያገኝ ዓይን እያየው ይሰምያል። ገንዳው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ስለሆነ ጋቹ አይሟሟም። ቀዩ ግን ይፈላል። ቅደም ተከተሉ የማይገለበጠው ለዚህ ነው፦ ቀዩን አስቀድሞ ያፈላ ሰው ከልካዩን ሁሉ ቀቅሎ ያጣል።

ኢንዲጎው ሁለት ጊዜ ከተነከረና ፀሐይ ላይ ከደረቀ በኋላ ትልቁ እጥበት ይመጣል። ጨርቁ ሲታጠብ ጋቹ፣ ሙጫውና ኖራው ይረግፋሉ፤ ከእነሱ ጋር ያልተጣበቀው የተረፈ አሉምና ብረትም ይወጣል። ይህ እጥበት በሚፈስ ውኃ መሆን አለበት። በቆመ ውኃ ከታጠበ ከአንዱ ቦታ የለቀቀው አሉም ተመልሶ ነጩ ላይ ያርፋል፤ ያኔ ምንም አይታይም፣ ቀዩ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ግን ነጩ ሁሉ ጽጌረዳ መልክ ይዞ ይወጣል። እኛ ከሁሉ የሚያስቆጨው ጥፋት ይህ ነው እንላለን፤ የሳምንታት ሥራ በአንድ ሰዓት ይበላሻልና።

ቀዩ ድሮ ማደር ወይም መንጂት ከሚባሉ ተክሎች ሥር ነበር የሚወጣው፤ ዛሬ ብዙዎቹ አሊዛሪን የሚባለውን በፋብሪካ የሚሠራ ቀይ ቀለም ይጠቀማሉ። የሚፈላው በመዳብ ዕቃ ነው። የብረት ዕቃ ከተጠቀሙ ቀዩ ወደ ቡናማና ወይን ጠጅ ይጠፋል። በዚህ ገንዳ ውስጥ አሉም ያለበት ቀይ ይሆናል፣ ኢንዲጎ ያለበት ሰማያዊነቱን ይዞ ይቆያል፣ ብረት ያለበት ጥቁረቱ ይጠልቃል። ጥንቅቅ ያለው ዓይነት ከዚህ በኋላ እንደገና በጋች ተሸፍኖ ሁለተኛ ኢንዲጎ ውስጥ ይገባል፤ ድርብ ጥልቀት ያለው ሰማያዊ የሚገኘው እንዲህ ነው። ደረጃዎቹን የሚቆጥሩ ሰዎች 14 ወይም 16 ይላሉ። ስሙን ከዓረብኛው «አዝረቅ» ማለትም ሰማያዊ የሚያመጡት አሉ፤ ሠሪዎቹ ግን «አጅ ራክ» ማለትም «ዛሬ ይቆይ» ከሚለው ቢፈቱት ይወዳሉ። የቃላት አጥኚ የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ሥራውን ያየ ሰው ሁለተኛውን።

ስለ ውኃው ትንሽ እንጨምር፤ ጽሑፋችሁ ካችን «በረሃ» ብሎ አልፎታልና። ኻትሪዎቹ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ዛሬ በፓኪስታን ካለው ከሲንድ ወደ ካች ሲመጡ ዳማድካ የተባለውን መንደር የመረጡት በሳራን ወንዝ ምክንያት ነው፤ የሚፈስ ውኃ ይፈልጉ ነበር። ወንዙ ኋላ ደረቀ፤ ሥራው በጉድጓድ ውኃ ቀጠለ። ጥር 18 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 2001፣ ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ካችን ሲመታ ዳማድካ ፈረሰች። ቤቶቹን መልሶ መሥራት ይቻል ነበር። የከርሰ ምድሩ ውኃ ግን ተለውጦ በውስጡ ያለው ብረት ጨመረ፤ ብረት ያለበት ውኃ ደግሞ ከላይ እንዳልነው ቀዩን ያጠፋዋል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰቦች ለቡጅ ከተማ ቀረብ ብለው አጅራክፑር የተባለ አዲስ መንደር ቆረቆሩ። በሥራው ስማቸው የገነነው እስማኤል መሐመድ ኻትሪ እ.ኤ.አ. በ2003 በእንግሊዝ አገር ከሚገኘው የደ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተቀብለዋል። የካች አጅራክ እ.ኤ.አ. በ2024 በህንድ የመልክዓ ምድር መለያ ጥበቃ አግኝቷል፤ ስሙን ለሌላ አካባቢ ጨርቅ መስጠት ከዚያ ወዲህ ሕግ የሚነካ ነገር ነው።

ጽሑፋችሁ «ከእኛ ጋር ግንኙነት የሌለው ሩቅ ጥበብ» ማለቱንም አንቀበልም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈ የባሕር ነጋዴዎች መምሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ከአሪያኬ የሚመጣ የህንድ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ይዘረዝራል፤ አሪያኬን አጥኚዎች ከዛሬው ጉጃራት አካባቢ ጋር ያያይዙታል። በግብፅ ፉስጣጥ የተገኙት በማኅተምና በከልካይ የተሠሩ ሰማያዊና ቀይ የጉጃራት ጨርቅ ቁርጥራጮች ደግሞ ከመካከለኛው ዘመን የቆዩ ናቸው፤ የጌጣቸው ዝምድና ከአጅራክ ጋር በዓይን ይታያል። አዱሊስ የደረሰው ጨርቅ ጌጥ ይኑረው ሜዳ ይሁን መምሪያው አይናገርም፤ ስለዚህ አክሱማውያን አጅራክ ለብሰዋል ብሎ መጻፍም ሌላ ስሕተት ነው። በጥንታዊቷ የኢንደስ ሸለቆ ከተማ በሞሄንጆ ዳሮ በተገኘው ሐውልት ካባ ላይ ያለው ባለ ሦስት ቅጠል ጌጥ የአጅራክ አባት ነው የሚለውም እስካሁን ግምት ነው።

ወደ ገበያው እንምጣ። ከዱባይና ከሙምባይ በሻንጣ የሚመጣው «አጅራክ» አብዛኛው በስክሪን የታተመ ነው፤ እሱ በእርግጥም ቀለም የታተመበት ጨርቅ ነው። ለመለየት መጀመሪያ ጨርቁን ገልብጡት። እውነተኛው በሙሉ ገንዳ ውስጥ ስለገባ በአንድ ገጽ ብቻ የታተመ ቢሆን እንኳ ጀርባው ሰማያዊና ቀይ ይይዛል፤ መስመሮቹ ይደበዝዛሉ እንጂ አይጠፉም። ጀርባው ነጭ ወይም ገርጣጣ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ቀጥሎ ማኅተም ከማኅተም የሚገናኝበትን መስመር ፈልጉ፤ በየተወሰነ ርቀት ትንሽ መደራረብ ወይም የፀጉር ያህል ክፍተት ይኖራል። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንከን የሌለው ድግግሞሽ የማሽን ነው። በጣት ሲዳሰስ ላዩ እንደ ፕላስቲክ የሚሻክርም እንዲሁ።

ሁለት የተሳሳቱ ምርመራዎች ግን በሰፊው ይነገራሉ። አንደኛው «እውነተኛው ቀለም አይለቅም» የሚለው ነው። አዲስ ኢንዲጎ በነጭ መሐረብ ሲታሽ ጥቂት ሰማያዊ ይተዋል፤ ይህ ጥፋት አይደለም። ሁለተኛው ክር መዝዞ ፈትሎ መፍታትና «ውስጡ ነጭ ነው፣ ስለዚህ ሐሰት ነው» ማለት ነው። ኢንዲጎ ከክሩ ላይ እንጂ እስከ እንብርቱ አይዘልቅም፤ ጂንስ ሱሪያችሁ ሲያረጅ የሚነጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ሻጩ «የተፈጥሮ ቀለም» ካለ ደግሞ ከምን እንደሆነ ጠይቁት። ኢንዲጎ በፋብሪካ ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ ከቅጠሉ የሚወጣውና የፋብሪካው አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ስለሆኑ በዓይን አይለዩም። በፋብሪካ አሊዛሪን የተሠራ አጅራክ ሐሰት አይደለም፤ የማደር ሥር ነው ብሎ መሸጥ ነው ሐሰቱ።

እቤት ሲገባ ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ፣ ለስላሳ ሳሙና በጥቂቱ ተደርጎ ይታጠባል። በረኪና ኢንዲጎውን ያጠፋዋል። ሎሚ ጥቁሩን ያነሣል፣ ቀዩንም ወደ ብርቱካን ይወስደዋል፤ ሰላጣ ሲበላ የፈሰሰ ጠብታ እንኳ ምልክት ይተዋልና ወዲያው በውኃ ይለቅለቅ። ኃይለኛ የልብስ ዱቄት ሳሙና በተቃራኒው ቀዩን ወደ ወይን ጠጅ ይገፋዋል። ማስጣት በጥላ፣ ገልብጦ፤ መተኮስም በጀርባው።

የምንጠይቀው የፎቶው መግለጫ እንዲስተካከል ነው። «በማኅተም ተከልሎ በኢንዲጎና በአሊዛሪን የተነከረ የካች አጅራክ» ቢባል ይበቃል። በዚያው ገጽ ከታች ያለው ባለ ነጥብ ቀይ ጨርቅም በስሕተት «ማኅተም» ተብሏል፤ እሱ ባንዳኒ ነው። ነጥቦቹ አንድ በአንድ በክር ታስረው ከመነከራቸው በቀር ማኅተም አልነካቸውም። ፎቶውን ቀረብ አድርጎ ያየ ሰው በአንዱ ጫፍ ክሩ ገና እንዳልተፈታ ያያል፤ ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ ሳይፈቱት የሚሸጡት የእጅ ሥራ መሆኑን ገዥው ራሱ ፈትቶ እንዲያይ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጨርቅ ማቅለም ሥራን የሚከታተሉ አንባቢዎች
አዲስ አበባ